እበራችን ላይ የሚቆመው ሐፍላ

ቅዳሜ

ዛሬም ሐፍላው፣ የሰፈሩ አውቶቡስ፣ እበራችን ላይ ቆመ። የወረደ ሰው የለም። በሩ ተከፈተ፤ ልጄ አስማማው በምርኩዙ ተደግፎ ለመውረድ የሚፈጅበትን ያህል ቆየና ተዘጋ። ልጄን ከቀበርነው አርባው አልፏል።

ኩምሳሪውን፣ ሒሳብ ተቀባዩን፣ «ለምን ቆማችሁ?» አልሁት። መሬት መሬት እያየ «ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ወለሉ ተንኳኳ» አለኝ። «ማን አንኳኳው?» የሰበሰበውን ሒሳብ መቁጠር ያዘ።

እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ወራጅ ጣቱን ያጮኻል፤ ሾፌሩ ሰምቶ ይቆማል። የአስማማው ጣቶች ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይታዘዙለትም ነበር። በምርኩዙ ወለሉን ይመታል። ሾፌሮቹ ይሰድቡት ነበር። በኋላ የአዛውንትና የአካል ጉዳተኞች አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ ገባ። የመናኸሪያውን ኃላፊ ለምኖም ተከራክሮም ደንብ አስወጣ፦ ጣቱን ማጮህ የማይችል ያንኳኳ፣ ሾፌሩም ይቁም።

እሑድ

ሐጅ ኢድሪስ መጡ። ዓይናቸው አያይም፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ሾፌሩ ዑስማን ከሷል አሉኝ። ባዶ ወንበር እያንኳኳ ያስቆመኛል፣ ደንቡ ይቅርልኝ ብሏል። ማክሰኞ ስብሰባ አለ።

«በልጅሽ ቦታ ነይ፣ እታለም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ሐጅ? ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት።»

«እኔስ ሰሌዳ አይቼ አውቃለሁ? የኛ ሥራ ምክር ነው። ምክር በነጻ ነው፤ ለዚያ ነው ማንም የማይወስደው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉት። «ደንቡ ከቀረ ትርንጎ ከቤት አትወጣም።»

እውነታቸውን ነው። የእማማ ትርንጎ ጣቶች በቁርጥማት ተጣጥፈዋል። ከደንቡ በፊት አንድ ቀን ሐፍላው ከቤታቸው አሳልፎ ሰሊጥ መጋዘኖቹ ዘንድ ጣላቸው። በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ወድቀው ተገኙ።

እጃቸውን ይዤ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው።

ሰኞ

ገበያ የምሄድ መስዬ ተሳፈርሁ። በመልስ ከኋላ ተቀመጥሁ። ሐፍላው ጢም ብሏል፤ ከካርቱም የተፈናቀሉት ሳይቀሩ ቆመዋል። በሩ አጠገብ ያለው የአስማማው ወንበር ግን ባዶ ነው። አንድ እንግዳ ሊቀመጥበት ሲል አጠገቡ የነበረችው ሴት ልብሱን ያዘችው።

ሰፈራችን ስንቃረብ ወሬው ሁሉ ተቋረጠ።

ያን ጊዜ ሰማሁ። ከወንበሩ ሥር። አንዱ ምት ጠበቅ፣ ሁለተኛው ላላ ያለ። አመታቱን አውቀዋለሁ። ሴትዮዋ «ቢስሚላህ» አለች። ዑስማን ፍሬን ያዘ።

«ማነው?» አለ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር።

«እኔ ነኝ» አልሁ። ዋሸሁ።

ወረድሁ። ወርጄ ሳላስበው ዞርሁና እንደ ድሮው ልደግፈው እጄን ዘረጋሁ። መዳፌን በረደው። በዚህ ሙቀት።

ማክሰኞ

ስብሰባው መናኸሪያው ቢሮ ነበር። ሄድሁ። ዑስማን ቆሞ ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልቅሶዬ ላይ ተቀምጧል። «ሽባውን አልፈራም። ወላሂ በጀርባዬ አዝዬ አወርዳለሁ። የሞተ ግን ተሳፋሪ አይደለም!»

«ሒሳብ ከፍሎ እንደሁ ጠይቀው» አሉ ሐጅ ኢድሪስ። የሳቀ የለም።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ እናቱ ነሽ። የሚሉት እውነት ነው? ልጅሽ ነው?»

እማማ ትርንጎ የተጣጠፈ እጃቸውን ጭኔ ላይ አኖሩ። አዎ ብል ደንቡ ያልቅለታል። አይደለም ብል ልጄን መካዴ ነው።

«የላላ ብረት ነው» አልሁ። «እበራችን ላይ ጉድጓድ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ይንኳኳል። አስበይዱት። ልጄ ተቀብሯል።»

ይበየድ ተባለ። ደንቡም ጸና። እማማ ትርንጎ እያለቀሱ ሳሙኝ። እኔ አላለቀስሁም። አፌ ብረት ብረት አለኝ።

ረቡዕ

ሐፍላው ብየዳ ላይ ዋለ። ሰፈሩ ጭር ብሏል። አስማማው፣ ያልሁትን ሰምተህ ከሆነ…

ተውሁት።

ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ መጣ። በር ላይ ቆሜ ነበር። አልፎ ይሄዳል ስል ቆመ። በሩ ተከፈተ። የወረደ የለም።

«ተንኳኳ?» አልሁት ዑስማንን።

«ላ፣ ያ ኻላ። ተበይዷል። ምንም አልተሰማም።»

«ታዲያ ለምን ቆምህ?»

ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «ልለፍ ብል እግሬ እምቢ አለኝ።»

ሐፍላው ሙሉ ሰው ነበር። ማንም «ንዳው!» አላለም። ሞተሩ ብቻ ይንተከተካል። ዑስማን ባዶውን ወንበር አላየውም። እኔን ነው የሚያየኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ወረደ?» አለኝ።

ማክሰኞ ያን ሁሉ ሰው ፊት ብረት ነው ብያለሁ። አሁን የሚጠይቀኝ ግን ኃላፊው አይደለም።

«ወርዷል» አልሁት። «በል ሂድ።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። አቧራው እስኪረግፍ እዚያው ቆየሁ። ቀጥሎ እማማ ትርንጎ ሰፈር ሲቆም ከሩቅ አየሁት።

ነገ ዓርብ ነው፤ ሐፍላው ያርፋል። እኔም ልረፍ።