እማዬ፣ ስለ ቅጠሉ ለጠየቅሽኝ

ለምሳሳልሽ እናቴ፣ ከሩቅ ሆኜ ጉልበትሽን እየሳምኩ፤

እንደምን ሰንብተሻል እማዬ? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ቀኝ ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ከሁሉም በላይ አፍሽ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እተኛለሁ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ይህን የምታነብልሽ ታላቅ እህቴ ናት። እታለም፣ አደራሽን፣ እንደ ልማድሽ የከበደውን እየዘለልሽ የቀለለውን ብቻ እንዳታነቢላት። ስትዘልዪ ከፊትሽ ታውቅብሻለች። ድምፅሽ ከተቆራረጠ ውሃ ጠጥተሽ ቀጥይ።

እማዬ፣ ባለፈው በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ። «አባትህን የገደለው ጫቱ ነው ወይስ አይደለም? አንተ እኮ እሱኑ ነው የምትመረምረው» አልሽኝ። እኔም «በስልክ አይሆንም፣ እጽፍልሻለሁ» አልኩሽ። ስልኩን ለእታለም መለስሽላት። እነሆ ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ። ግን መልሱ እንዲገባሽ መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳሽ። «ልጄ በአጉሊ መነጽር ያያል» እያልሽ ለጫት ደንበኞችሽ ሁሉ ስታወሪ ኖርሽ እንጂ፣ ምን እንደማይ በቅጡ ነግሬሽ አላውቅም።

የምሠራበት ክፍል ጠባብና ነጭ ነው፤ መስኮት የለውም። የሰው ገላ፣ ጡብ በጡብ ላይ ተደርድሮ ግድግዳ እንደሚሆነው፣ በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ልዩነቱ እነዚህ ጡቦች ሕይወት አላቸው፤ ይበላሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ይራባሉ፣ ያረጃሉ። ጥርሳቸውን የሚያስነቅሉ ሰዎች ፈቅደው ከድዳቸው ቅንጣት ሥጋ ይሰጡናል። እኛ ከእሷ ሕዋሳቱን ለይተን፣ ክዳን ባላቸው ዝርግ ሳህኖች ላይ፣ ልክ እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ እናሳድጋቸዋለን። ምግባቸው ቀላ ያለ ውሃ ነው፤ የምቀይርላቸው እኔ ነኝ። የዕረፍት ቀን አያውቁምና እኔም አላውቅም። የሥራ ባልደረባዬ፣ «ረጅሙ» የምንለው፣ እኔን «ሞግዚቱ» ይለኛል።

የአባዬ መርዶም የደረሰኝ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። እታለም ስትደውል ጓንት አጥልቄ ስለነበር ስልኩን ጆሮዬ ላይ የያዘልኝ ረጅሙ ነው። ሰማሁ። «እሺ» አልኳት። ከዚያ የቀሩትን ሳህኖች ጨረስኩ። እጄን ታጠብኩ፣ ምሳዬን በላሁ። ምግቡ ጨው ጎድሎት እንደነበር ትዝ ይለኛል። አለቃችን ዶክተሯ «ወደ አገርህ ሂድ እንጂ» ብትለኝ «ግድ የለም» አልኳት። እማዬ፣ እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። ልቤ ስለጨከነ አይደለም። የጥርስ ሐኪም መርፌ ሲወጋሽ ከንፈርሽ የሌላ ሰው ከንፈር እንደሚመስልሽ፣ እኔም መላ አካላቴ እንደዚያ ነው። ሲነኩኝ አውቃለሁ፤ አይሰማኝም።

ጫቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥናቱ ከአባዬ ሕመም በፊት የታቀደ ነበር፤ ዶክተሯ ቅጠሉ በአፍ ሕዋሳት ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ፈልጋለች። በበረዶ ሣጥን ተጭኖ መጣ። ክዳኑን ስከፍተው የመደብሽ ሽታ ወጣ፤ እርጥብ ጆንያና የተሰበረ ቀንበጥ። እስሩን ፈታሁና ሳላስበው ቀንበጡን ወደ ቀኝ፣ ጠንካራውን ወደ ግራ መለየት ጀመርኩ፣ አንቺ እንደምታደርጊው። ዶክተሯ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «መለየት አያስፈልግም፤ ሁሉንም ነው የምንፈጨው» አለችኝ። «የት ለመድከው?» ስትለኝ «እናቴ ትሸጣለች» አልኳት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና እሷም ትለይ ጀመር፤ ጠንካራውን ከቀንበጡ ጋር እየደባለቀች። አንቺ ብታያት ኖሮ «አንቺ ልጅ፣ ተነሺ ከመደቤ!» ትያት ነበር።

ቅጠሉን አደረቅነው፣ ፈጨነው፣ በአልኮል ዘፈዘፍነው። አጣርተን አልኮሉን ስናተነው ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነገር ቀረ። ጭማቂው እሱ ነው። በጣም አቅጥነን ከሕዋሳቱ ምግብ ጋር ቀላቀልነው፤ ለአንዳንዱ ሳህን ትንሽ፣ ለአንዳንዱ በዛ ያለ፣ ለአንዳንዱ ምንም።

ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ። ምንም ያልደረሳቸው ሕዋሳት እንደ ወትሯቸው ተዘርግተውና ተያይዘው አደሩ። ትንሽ የደረሳቸው ወዲያው አልሞቱም፤ መራባት ግን አቆሙ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ጉልበት የሚሠራባቸው ጓዳዎች አሉ፤ እነሱ ደከሙ። ከእነሱ የሚወጣ፣ እንደ እሳት ፍንጣሪ ውስጥን የሚጎዳ ነገርም በዛ። ብዙ የደረሳቸው ተኮማትረው ክብ ሆኑ፣ ከሳህኑ ለቀቁ፣ ተንሳፈፉ። ሕዋስ ክፉኛ ሲጎዳ ራሱን በራሱ አፍርሶ የሚሞትበት መንገድ አለው፤ በዚያ መንገድ ነው የሄዱት። የቅጠሉ ጭማቂ የአፍን ሕዋስ ይጎዳል እማዬ። አይጎዳም ብዬ ብጽፍ እታለም ደስ ይላት ነበር። ግን አንቺ እስር አሳንሰሽ ሸጠሽ አታውቂም፤ እኔም ቃል አላሳንስብሽም።

አሁን ደግሞ ይህንንም በእኩል ጆሮ ስሚኝ። ዶክተሯን ስለ አባዬ ጠየቅኋት። ጓንቷን አውልቃ ተቀመጠች። «ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ምራቅ አያጥበውም፣ ደም አይዞርበትም፣ ጉበት አያጣራለትም። ቅጠሉ ሊጎዳ እንደሚችል ያሳየናል። ያንተን አባት ያሳመመው እሱ ብቻ ነው ብሎ ግን ሊመሰክር አይችልም፤ እኔም አልችልም» አለችኝ። ቀጥላም «ሲጋራ ያጨስ ነበር?» አለች። ነበር አልኳት፤ መሪ እንደጨበጠ አንዱን ካንዱ እየለኮሰ አገር ያቋረጠ ሾፌር ነበር አልኳት። «የአፉ ቁስል ሲጀምረው በሐኪም ታይቷል?» አለች። ሐኪም ቤት በተባለ ቁጥር «በጨው ውሃ እጉመጠመጣለሁ፣ ይድናል» እያለ እንደከረመ ነገርኳት። ስንት ሽማግሌ እንደለመነው አንቺ ታውቂያለሽ። ደግሞስ ጫት ያስጀመርሽው አንቺ ነሽ እንዴ? ሲያገባሽም ጉንጩ ተወጥሮ ነበር፤ የሠርጋችሁ ፎቶ ምስክር ነው። ፎቶ አንሺው «ጌታዬ፣ እስኪ አንዴ ዋጡት» ብሎት እንደነበር ራስሽ ነሽ እየሳቅሽ የነገርሽን።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። ቅጠሉ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ አለው ብዬም አስባለሁ። እናቴ ገደለችው የሚል ነገር ግን በየትኛውም ሳህን ላይ አላየሁም።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። እታለም «እህል አልቀምስ አለች፤ ያቃጥለኛል ትላለች» ስትለኝ፣ ሰዉ ሁሉ ሐዘን ነው ብሎ ነበር። «ያቃጥለኛል» የምትለዋ ቃል ግን ጆሮዬ ላይ ቀረች። አንቺ ቅጠሉን ሳትቀምሺ እስር ሸጠሽ አታውቂም፤ ዕድሜሽን ሙሉ። «በስልክሽ መብራት አፏን እይልኝ» ብላት «እኔ በቅሎ ነኝ ወይ፣ ጥርሴ በገበያ የሚታየው!» ብለሽ አባረርሻት። በኋላ ያ ዝምተኛው ልብስ ሰፊ አማችሽ በርሽ ላይ ቆሞ «እማማ ካልታከሙ እኔም ሱቄን አልከፍትም» ብሎ መቀሱን አስቀምጦ ስላስቸገረሽ ሄድሽለት። ሐኪሙ ከጉንጭሽ ውስጥ ካለው ነጭ ነገር ቆንጥሮ ወሰደ። ሕዋሳቱ መልካቸውን መለወጥ ጀምረዋል፣ ወደ ክፉው፣ አባዬን ወደያዘው ካንሰር፣ ግን ገና አልተሻገሩም፤ ተቆርጦ ይውጣ፣ ቅጠሉም ይቁም ብሎ ቀጠሮ ሰጠሽ። አንቺ ግን «አልቆረጥም። በእጄ አበላሁት፤ እሱን የወሰደው እኔንም ይውሰደኝ» አልሽ።

እታለም ይህንን እያለቀሰች ስትነግረኝ እኔ አሁንም «እሺ» ነው ያልኳት። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። ጓንቴን አጠለቅሁ፣ ሣጥኑን ከፈትኩ። ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ወድቆብኝ አያውቅም። ረጅሙ ወለሉን ያጸዳ ጀመር፤ እኔ ቆሜ አየዋለሁ። «እንዲህ ቆሜ፣ ዓይኔ እያየ እናቴም ልትሄድብኝ ነው» አልኩ፤ በሆዴ ሳይሆን በአፌ። ረጅሙ ቀና ብሎ «ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለኝ። ጓንቴን አውልቄ ዶክተሯ ጋ ገባሁና «ልሄድ ነው» አልኳት። «ዘገየህብኝ» አለችኝ። ሕዋሳቱን ረጅሙ ይመግባል። ያበላሻቸዋል፤ ያበላሽ።

ስለዚህ እሑድ እደርሳለሁ። ማክሰኞ ቀጠሮሽ ነው፤ አብረን እንሄዳለን። ሲመጣ ይነግረኝ የለ ወይ እንዳትይ፤ ፊት ለፊት ከሆንን አፍ አፌን ትይኛለሽ፣ እኔም እሺ ብዬ ዝም እላለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት። ደብዳቤውም ከእኔ ኋላ እንዳይደርስ ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ወደ እታለም ስልክ እልካቸዋለሁ።

መደቡን ምን እንደምናደርገው ተቀምጠን እንመክራለን። ያሳደገኝ መደብ ነው፤ አላንቋሽሸውም፣ ማንም እንዲያንቋሽሸውም አልፈቅድም። ግን እማዬ፣ ያኔ ስትሸጪ ማንም አልነገረሽም፤ ዛሬ እኔ ነግሬሻለሁ። የአባዬ ሞት በአንቺ እጅ አልነበረም። ያንቺ መዳን ግን በእጅሽ ነው። ቅጣት ካማረሽ ሌላ ቅጣት ፈልጊ፤ ይህኛው የሚቀጣው እኛን ነው።

ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ለአባዬ። ለእታለም፤ ስትናደድ ሳህን በኃይል ማስቀመጧን ትተወው። ለአማችሽ ለልብስ ሰፊው፤ የሰፋልኝ ኮት ትከሻው ላይ ጠቦኛል፣ ይዤለት እመጣለሁ። ለእህቴ ልጅ ለትንሿ ፍንጭት፤ አዲሱ ጥርስ ብቅ አለ ወይ? ለአባዬ የመንገድ ጓደኛ፣ «ፍሬኑ» ለምንለው፤ ቡና ቤት በር ላይ ብቻውን እንዳይቀመጥ፣ ወደ ቤት ጥሩት። ለጎረቤታችን ለአዋላጇም።

እማዬ፣ ሰላምታ ስጽፍ ሁልጊዜ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው አባዬን ነበር። ዛሬም ለእታለም ከማለቴ በፊት እጄ «ለአባዬ» ብሎ ጽፎ አገኘሁት። ልሰርዘው እስክሪብቶውን አነሳሁ። ወረቀቱ እዚያ ጋ የረጠበው በእኔ እንባ ነው፤ ቀለሙ ቢደበዝዝም ይነበባል። አልሰረዝኩትም። እታለም፣ እንዳለ አንብቢላት፤ ለአባዬ።

ልጅሽ

ከማደሪያ ክፍሌ
ኅዳር 9 ቀን