የጓድ ዘለቀ ሮኬት

ሰኞ
«ተሰበረ እንዴ?» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። የቀበሌያችን ካድሬ፣ ጓድ ዘለቀ። ከሞስኮ የመጣውን የሮኬት ፊልም ሕዝብ ከማየቱ በፊት አዳራሽ ውስጥ ሁለታችን እያየነው ነበር። የታችኛው ታንክ ነዳጁ ሲያልቅ ተላቆ ወደቀ፣ ሌላ ምንም የለም። ሆን ተብሎ ነው የሚጣለው፤ ባዶ ቆርቆሮ እየጎተቱ ሳተላይት ኅዋ ማድረስ አይቻልም አልኩት። የገባው መስሎኝ ነበር። ትንሽ አሰብ አደረገና «የሶሻሊስት ሮኬት ዕቃ አይጥልም» አለ። ይህ ሰውዬ ነው እኛን የሚያነቃን።

ማክሰኞ
ከዘለቀ ትእዛዝ መጣ። ፊልም የሚያሳየው ጀማል እዚያ ቦታ ሲደርስ የፕሮጀክተሩን መስተዋት በባርኔጣው ይሸፍናል፤ በጣሊያን ፊልም ሲሳሳሙ እንደሚያደርገው። እኔ ደግሞ ማይክሮፎን ይዤ «ሮኬቱ አንድም ነገር ሳይጎድለው ኅዋ ገባ» እላለሁ። የፊዚክስ አስተማሪዋ እኔ።

እምቢ ማለት አማረኝ። ግን ሞስኮ ሄጄ ለመማር የቀረኝ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው። ማኅተሙ ዘለቀ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ።

ረቡዕ
አዳራሹ ጢም አለ። ከሂርና ሳይቀር በጫት መኪና መጥተዋል። ሮኬቱ ተነሳ፣ ከዚያ ጨለማ። ከኋላ ፉጨት። አንዱ «ተሳሳሙ» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ዘለቀ ጥርሱን ነከሰ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ምስሉ ሲመለስ የቀረችው የሮኬቱ ጫፍ ብቻ ናት። ፊት የተቀመጡት ቡና ነጋዴው ሐጂ «ልጄ፣ ያ ሁሉ ግንድ የት ገባ? ወላሂ አሁን እዚህ ነበር» አሉኝ።

«ርቆ ነው ሐጂ፣ ሙሉው አለ» አልኳቸው። አመኑኝ። ዘለቀን ስንቅ ከርሜ ዛሬ ራሴን ናቅሁ።

ሐሙስ
ደብዳቤውን ሰጠኝ። ማኅተሙን እንኳ አጣሞ ነው የመታው። «ጥሩ አስረዳሽ፣ ጓዲት» አለኝ። አመሰገንኩት። ቅዳሜ ራሴ አዲስ አበባ አደርሰዋለሁ፤ ዘለቀ ሐሳቡን ቢቀይር ለማሰረዝ አንድ ስልክ ይበቃዋል።

ዓርብ
አሥራ አንደኛ ክፍል። ሰናይት፣ የዘለቀ ልጅ፣ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ባለፈው ወር ታንኩ ይጣላል ብለው አጽፈውን ነበር። ረቡዕ ደግሞ ሙሉው ገባ አሉ። ለፈተናው የቱን ላጥና?»

ስድሳ ተማሪ አፌን ያየኛል። ርእስ መቀየር እችል ነበር። «ደብተርሽ ላይ ያለውን» አልኳት። «ረቡዕ የተናገርኩት ውሸት ነው። ጀማል የሸፈነው ታንኩ ሲወድቅ እንዳታዩ ነው።»

«ማን አዞት?»

ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ስም ሳልጠራ ገባት፤ ይህን ጭንቅላት ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ፈራሁ፣ ቀለለኝም።

ደወሉ ሲደወል ደብተሯን ይዛ ወደ ቤቷ ሮጠች። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው። የእኔ አውቶቡስ የሚነሳው ነገ ጠዋት ነው።