«ሠራተኛ» ከሚለው ሳጥን ውስጥ ያሰፈርኳት ምልክት

ክቡር የኮምፒውተር ወንጀል ጥናት ክፍል ኃላፊ ሆይ፣

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ይልቁንም ኮምፒውተርዎ ደህና እንድትሆኑ እየተመኘሁ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የማስተዳድር ሰው ነኝ። በድርጅቶች ላይ ስለሚደርስ የኮምፒውተር ወንጀል የላኩልንን መጠይቅ አምና ሞልቼ መልሼ ነበር፤ የጥናቱ ውጤት ታትሞ ስለደረሰኝ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን አንድ ላይ ልኬያለሁ።

አንደኛ፣ መጠይቅዎ «ለወንጀሉ በር የከፈተው ማን ነው?» ብሎ ሲያበቃ «የውጭ ሰው» እና «ሠራተኛ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ሰጠኝ። «እኔው ራሴ» የሚል ሦስተኛ ሳጥን የቀረው ወረቀት አጥሮ ከሆነ፣ ከእኛ ዘንድ ቁራጭ ወረቀት ሞልቶ ተርፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽሑፍ የምትተይብልን ሠራተኛ ምሳ ስትወጣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የተያያዘውን ይመልከቱ» የሚል መልእክት መጣ። ሃያ ዓመት ስሠራ ደንበኛው «ባለ ማተሚያው»፣ ባለቤቴም «አንተ ሰውዬ» ከማለት አልፎ ክቡር ያለኝ ስላልነበረ አንጀቴ ቅቤ ጠጣና ከፈትኩት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ የእኔን አጥር ግን ባለቤቱን አክብረው ነው የነቀነቁት። ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጀናቸው መጻሕፍት በሙሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባሉበት ተቆለፉ።

እሷ ስትመለስ ሠራተኛው ሁሉ ኮምፒውተሯን ከቦ ቆሟል። «ጋሼ፣ ላኪውን የማላውቀውን መቼ ከፍቼ አውቃለሁ?» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ እኔም መሬት መሬት እያየሁ ወደ ቢሮዬ ገባሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለችንን ሰው በማግስቱ «በቸልተኝነት» የሚል ደብዳቤ ሰጥቼ አሰናበትኳት፤ በመጠይቅዎም ላይ «ሠራተኛ» የሚለውን መረጥኩ።

ሁለተኛ፣ አመኑኝ። ለዚህ ቅንነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መልስ የላከው ማተሚያ ቤት የእኛ ብቻ ስለነበር «በማተሚያ ቤቶች ላይ ከደረሰው ጥቃት መቶ በመቶው የሠራተኛ ጥፋት ነው» ብለው በደማቅ ቀለም አወጡት። ያ መቶ በመቶ አንዲት ሴት ናት፣ ክቡር ሆይ። ሥራ ፍለጋ በገባችበት ማተሚያ ቤት ሁሉ ያንን ገጽ እያሳዩ ይመልሷታል።

ስለዚህ ገጹ እንዲታረምና ጥፋቱ በእኔ ስም እንዲመዘገብ እለምናለሁ፤ ሠራተኞቼንም ሰብስቤ እውነቱን ተናግሬያለሁ።

ክቡር ለመባል ሲል ሰው የበደለ፣
የአንድ ማተሚያ ቤት ሥራ አስኪያጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤዬን በ«ክቡር» የጀመርኩት ሳያመነቱ እንዲከፍቱት ነው፤ ቃሉ ምን እንደሚያስከፍት ከእኔ በላይ ምስክር የለም። ለእሷም የይቅርታ ደብዳቤ ልኬ ነበር። ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰልኝ፤ በጀርባው በእጅ ጽሑፏ «ላኪውን አላውቀውም» ብላበታለች።