«ውስጥ» ብሏል

እሁድ፣ ኅዳር 1/72። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል።

ዝናቡ አሁን ገና አባራ። ጫማዬ ጭቃ እንደሆነ ነው። አላወልቅም፣ ደብተሬ፣ መጀመሪያ ላንተ ልተንፍስ፣ አለዚያ እፈነዳለሁ።

እንደ እሁዱ ሁሉ ከድር በረንዳ ላይ ነበርን። ከድር ልብስ ይሰፋል፣ መ/ር ተስፋዬ ይጠይቃል፣ እኔ እመዘግባለሁ። ጠቅላላ ዕውቀት። ያላወቀ እንደ ልጆች እንቆቅልሽ አገር ይሰጣል። «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ ጎንደርን ይላል፣ ወይ ደሴን፣ ያኛው ይወስዳል። ማን ለማን የትኛውን እንደሰጠ የምጽፍበት ሌላ ደብተር አለኝ፣ የአገር ደብተር የምንለው። ሐረር ዘንድሮ አምስት ጊዜ ባለቤት ቀይራለች፣ ሐረሮች አልሰሙም እንጂ። የተወለደበትን ግን ማንም አይሰጥም። ተስፋዬ ደብረ ብርሃንን፣ ከድር ወልቂጤን፣ እኔ ሸዋ ቤንችን። ተስፋዬ ስንት ጊዜ ሸዋ ቤንችን አምጣ ብሎኛል። ሞቼ ነው።

ዛሬ ሰው በዝቶ ነበር። ዝናብ የያዘው ሁሉ በረንዳው ላይ ተጠልሏል። የጤና ጣቢያችን ሲስተር ዘነበችም ቀሚሷን ልታሳጥር መጥታ ቆማለች። ተስፋዬ ሰው ሲያይ ድምፁ ይወፍራል፣ ያው አስተማሪ አይደል። ወደ እኔ ዞረ። በሰው ገላ ውስጥ ትልቁ የአካል ክፍል ምንድን ነው አለኝ።

ድሬሰር ነኝ። ስድስት ዓመት ቁስል አጥቤያለሁ። ጉበት አልኩ፣ ሳላመነታ።

ቆዳ ነው አለ። በየቀኑ የምትወጋው ቆዳ።

ውስጥ ብለሃል አልኩት። ቆዳ ውጭ ነው። ቆዳ የገላ ውስጥ ከሆነ ውጩ ምንድን ነው፣ ሸሚዙ? ሰዉ ወደ እኔ ማድላት ሲጀምር አየሁ። እሱም አየ። ትከሻዬን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያዝንልኝ፣ አድማሱ ጥያቄው አይደለም የከበደህ፣ አማርኛው ነው አለ።

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ሲስተር ዘነበች አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች።

አዎ፣ አማርኛን በዘጠኝ ዓመቴ ከት/ቤት ነው የተማርኩት። እናቴ እስከ ዛሬ በቤንችኛ ነው የምትቆጣኝ። ግን ውስጥና ውጭን ለይቼ አውቃለሁ። ባሕር ዳርን ሰጥቼ መጣሁ። ይህችን ግን አልለቅለትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት፣ መርፌ እየተቀቀለ።

ስም ወጣልኝ። ጉበት። ት/ቤቱ ድረስ ገብቷል፣ ማን እንዳስገባው ግልጽ ነው። አንድ ቡና ለቃሚ እግሩን በገጀራ ቆርጦ መጣ። ደሙ ይወርዳል፣ ፊቱ ነጭ ሆኗል፣ ይህም ሆኖ ጉበት የሚባለው አንተ ነህ ወይ አለኝ። ሰፋሁለት። ትንሽ ጠበቅ አድርጌ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5።

የሲስተርን የአካል ትምህርት መጽሐፍ ለመንኩ። እየሳቀች ሰጠችኝ። አለ። መጽሐፉ ላይ፣ ከውስጥ አካላት ትልቁ ጉበት፤ ከአካል ሁሉ ትልቁ ቆዳ። ጥያቄው ውስጥ ካለ መልሱ ጉበት ነው። ገለበጥኩት፣ በንጹሕ ወረቀት፣ ገጹን ጽፌ።

በዕረፍት ሰዓት ይዤለት ሄድኩ። ተማሪ ከቦት ቆሟል። ወረቀቱን አነበበ፣ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት የፊደል ግድፈት አረመና መለሰልኝ። ስለ ጉበቱ አንድ ቃል የለም።

እስከ ቤቴ ጥርሴን ነክሼ መጣሁ። ወረቀቱ እዚህ አለ፣ አንተ ውስጥ ሰክቼዋለሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት በኋላ።

ሳምንቱን ሙሉ ስዘጋጅ ከረምኩ። እሱ በማያውቀው በኩል መጣሁበት። ሕፃን ሲወለድ ስንት አጥንት አለው? ሁለት መቶ ስድስት አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። እሱ የአዋቂ ነው አልኩት። የሕፃን ይበዛል፣ ሲያድግ ነው የሚጋጠመው። ሲስተር ዘነበች ባትኖርም ከድር እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ አንስቶ አጨበጨበ።

አገር ስጠኝ አልኩ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩ ያህል ነው ያልኩት።

ተስፋዬ እጁን ዘርግቶ፣ ርስቱን እንደሚያካፍል ሰው፣ አስመራን ሰጥቼሃለሁ፣ ውሰድ ጉበት አለኝ። አሸንፌውም ጉበት። አገር የተሰጠው እንደ ወጉ «ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ ይፎክራል፣ እኔ ግን እርሳሴን አነሣሁ። ጻፍኩ፤ «ተስፋዬ ለአድማሱ፣ አስመራ።» እርሳሱ ተሰበረ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11። 10 ሰዓት።

እንዳመጣጡ ልጻፈው።

ጓድ በፈቃዱ፣ የቀበሌያችን ካድሬ፣ ለፔኒሲሊኑ መጣ። ሱሪውን ዝቅ አድርጎ አልጋው ላይ ተደፋና ጉበት፣ ቀስ በል አለኝ። ካድሬውም ሰምቷል። መርፌው ገና ከሥጋው ሳይወጣ ተናገርኩ። ለእኔ ስም ወጣልኝ፣ አስመራን በአንድ ጥያቄ አሳልፎ ለሚሰጥ መምህር ምን ስም ይወጣለት ይሆን አልኩ።

ተነሣ። ቀበቶውን ቀስ ብሎ አሰረ። ማን ነው የሰጠው፣ ለማን፣ የት፣ ማን ሰማ እያለ ጠየቀኝ። ተስፋዬ ለእኔ፣ ግን ጨዋታ ነው አልኩ። ሁሉም በጨዋታ ነው የሚጀመረው አለ። የተጻፈ ነገር አለ? አለ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው አለ ያልኩት? ቅዳሜ 4 ሰዓት ደብተሩን ይዘህ ቀበሌ ና ብሎኝ ሄደ።

አንተን አልዋሽህም። ደስ አለኝ። እስቲ አሁን አማርኛው ለማን እንደሚከብድ እናያለን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12።

ተስፋዬ ጤና ጣቢያ ድረስ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል። ጓድ በፈቃዱ ት/ቤቱ በር ላይ አስቁሞት አስመራ እንዴት ከረመች ብሎት አልፏል። ይኸው ነው፣ ሌላ አላለውም። ተስፋዬ፣ «አድማሱ ወንድሜ» አለኝ። ጉበት ሳይሆን በስሜ። ማን ነገረ ትላለህ አለኝ።

ፋሻ እጠቀልላለሁ። አላውቅም አልኩት፣ ቀና ሳልል። ወንድሜ የምትለኝ ሲጨንቅህ ነው አልኩ በሆዴ። ሁለት ቀን ይብሰልሰል። እኔ ዐሥራ አንድ ቀን ተብሰልስያለሁ።

ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13። ከምሳ በኋላ።

ወ/ሮ እታፈራሁ፣ የተስፋዬ ሚስት፣ ሕፃኑን አዝላ መጣች። ለሕፃኑ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ለባሏ የአስም ኪኒን ጨምርልኝ አለች። ያለው አላለቀም አልኳት፣ በወሩ መጀመሪያ ነው የሰጠሁት። አውቃለሁ፣ ምናልባት ከቤት ራቅ ካለ ብዬ ነው አለች።

ከቤት ራቅ ካለ። ብርድ ልብሱን ጠቅልላ በሩ ሥር አስቀምጣለች። ሹራቡን ከድር ዘንድ ክርኑን አስጠግናዋለች። መጥተው ከወሰዱት እንዳይበርደው። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አላለቀሰችም፣ የሕፃኑን እግር እያሻሸች ነው የምታወራው። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም አለች።

አምና የቡና መጋዘኑን ጸሐፊ «ለአንድ ጥያቄ ነው» ብለው ጠሩት። አንድ ጥያቄ። እስከ ዛሬ እየመለሰ ነው። ሚስቱ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፣ ይዛው ትመለሳለች። እኔ ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። መርፌውን ይዤ ስናገርም አውቅ ነበር።

ኪኒኑን በእጥፍ ሰጠኋት። ስትወጣ እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር አለችኝ። ከተማው ሁሉ ጉበት ሲለኝ እሷ ዶክተር። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሳላይ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14። ጠዋት 1 ሰዓት።

የአገር ደብተሩን ሽቦ ፈታሁ። የአስመራን ቅጠል ስስበው ከሽቦው ማዶ ያለው መንታው ተላቀቀ፣ የከድር አገሮች ያሉበት። ሁለቱንም አወጣሁ። ሽቦውን መልሼ አጠፍኩ። ልብ ላለው ሰው ያስታውቃል። እሄዳለሁ።

ያው ቀን፣ 8 ሰዓት።

ተመልሻለሁ።

ጓድ በፈቃዱ ደብተሩን ገጽ በገጽ አየ። አስመራስ አለ። የለችም አልኩ። ጉበት ሲሉኝ ተናድጄ የፈጠርኩት ነው፣ ዋሽቻለሁ ጓድ። በሐሰት የሰው ስም ማንሣት ምን እንደሚያስቀጣ ታውቃለህ አለኝ። አውቃለሁ አልኩ። ጣቱን የላላው ሽቦ ላይ አመላለሰ። በሩ ላይ አብዮት ጠባቂው ቆሟል።

እሺ፣ ጨዋታ ከሆነ አጫውተኝ አለ። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ይህ ከምን እንጨት ነው የተሠራው? ዋንዛ አልኩ። ቀረሮ አለ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ አገር ስጠኝ አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጎንደርን ብል ከሃዲ ነኝ። ያለንባትን ሚዛንን ብል ማን አባቱ ሰጪ አደረገህ ይለኛል። አልሰጥም ብል ጨዋታ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ነው። በአማርኛም በቤንችኛም አሰብኩ።

ሞቃዲሾ፣ አልኩ።

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ፣ ጠባቂውም ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ከእንግዲህ የጠላትን እንጂ የእናት አገርን ቁራሽ እንዳትሰጡ ብሎ ደብተሩን ወረወረልኝ። በር ላይ ስደርስ ጠራኝ። ሰኞ ለመርፌዬ ስመጣ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ አለ። ሽቦውን አይቷል። አይቶ ነው የተወኝ። ለምን እንደተወኝ ካሰብኩ እንቅልፍ የለኝም፣ ስለዚህ አላስብም።

እሁድ፣ ኅዳር 15። 12 ሰዓት ሊሆን ነው።

ከድር በረንዳ። ሦስታችን ብቻ። ሌላ ሰው አልመጣም፣ ወሬው ደርሶታል። ከድር ካውያውን በከሰል ሞልቶ አንድ ሱሪ ይተኩሳል፣ ያንኑ እግር ደጋግሞ። ተስፋዬ ሹራቡን ለብሶ ነው የመጣው፣ ክርኑ የተጠገነውን። ፀሐይ ነበር።

ቅጠሎቹን ከኪሴ አወጣሁ። ተስፋዬ የራሱን ስም አየ፣ አስመራን አየ። ጠየቅኩት። በሰው ገላ ውስጥ ትልቁ የአካል ክፍል ምንድን ነው?

ጉበት አለ። ወዲያው። ዓይኑ ከወረቀቱ አልተነቀለም። ጉበት ነው አድማሱ፣ ውስጥ ብያለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ።

ሁለት ሳምንት የተመኘሁት ይኸው። እንዲህ ሲለኝ በሕልሜ ሁሉ ሰምቻለሁ። ግን የሰጠኝ ፈርቶ ነው። ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል፣ አስሙ ተነሥቶበታል። ድንጋይ ነው ብዬው ቢሆን ድንጋይ ይለኝ ነበር። ከመጽሐፉ ገልብጬ ስወስድለት ቢለኝ ኖሮ አቅፌ ስሜው ነበር።

የነገርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ለጓድ በፈቃዱ፣ መርፌ ስወጋው። ትናንት ዋሽቻለሁ ብዬ መለስኩት። ምናልባት አልቋል። ምናልባት።

የከድር ካውያ ቆመ። የሱሪው ሽታ ሲመጣ ነው ያነሣው። ከዚያ አንድም ነገር ሳይናገር ክዳኑን ከፈተ፣ ቅጠሎቹን ከእጄ ወሰደና ከሰሉ ላይ ጨመራቸው። አስመራም፣ የእሱ አገሮችም። ክዳኑን ገጠመ።

ተስፋዬ፣ አገር ስጠኝ አለኝ። አልሳቀም። ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ እንዲሁ። ተገቢ ነው፣ ተሸንፌያለሁ። ሸዋ ቤንችን ሰጥቼሃለሁ አልኩት። እናቴ ያለችበትን።

አልፈልገውም አለ። ያንተን አገር ምን ላደርገው። ተነሥቶ ሄደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህችንም መዝግቤ እይዝበት ነበር። ከድር የተቃጠለውን ሱሪ ዘርግቶ እያየ፣ ሁለታችሁም ከዛሬ ወዲያ በረንዳዬ ላይ እንዳትጠያየቁ አለ።

የአገር ደብተሩን ከድር ዘንድ ጥዬው መጣሁ። ለልክ መጻፊያ ይሁነው።

ወስኛለሁ። ነገ ከሥራ በፊት ኪኒን ይዤ እቤቱ እሄዳለሁ፣ ዛሬ ትንፋሹ ደስ አላለኝም። እታፈራሁ በሩን ትከፍትልኝ እንደሆነ እንጃ። እሱ ከውስጥ ጉበት ብሎ ከጠራኝ አቤት እለዋለሁ። ሰው ፊትም ቢሆን አቤት እለዋለሁ።

ግን ውስጥ ብሏል።