አፈ ጉባኤዋ ያልመጣችበት ሐሙስ

ማክሰኞ

ገበያ መሃል "ታደለች!" ብለው የጠሩኝ ሴትዮ እጄን ይዘው አልለቅም አሉ። ስሜ አስቴር ነው። ታደለች እሁድ እሁድ ከሰዓት በቴሌቪዥን በሚታየው ድራማ ላይ የምጫወታት የምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናት። ጠረጴዛ ትመታለች፣ ባለሥልጣን ታፋጥጣለች፣ ማንንም አትፈራም። የእኔ ሥራ ማስተማር ነው፤ አማርኛ፣ ሰባተኛ ክፍል። ድራማው ከተጀመረ ወዲህ ግን ባጃጅ ውስጥ እንኳ በስሜ የሚጠራኝ የለም። እውነቱን ለመጻፍ፣ ደስ ይለኛል።

ሴትዮዋ ወይዘሮ አበበች ይባላሉ፤ በወላይታ ካለችው ከጉኑኖ ነው የመጡት። ባላቸው ከሞቱ ዓመት አልሞላም። የባላቸው ወንድም "መሬቱ የአባታችን ነው" ብሎ የእንሰት ማሳቸውን አጥሮባቸዋል። ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎች ሊያዩት ነው።

"ሲጮሁብኝ አፌ ይያዛል" አሉኝ በወላይትኛ። "አንቺ ከጎኔ ብትቆሚ ግን ይሰሙኛል።"

ሰው ከቦናል። ቲማቲም የምትሸጠው ልጅ፣ ሁለት ተማሪዎቼ፣ በሞባይሉ የሚቀርፅ አንድ ጎረምሳ። "እመጣለሁ" አልኩ። በታደለች ድምፅ ነበር ያልኩት። አጨበጨቡ። ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋቸው።

ረቡዕ

የሐሙስን ፈቃድ ልጠይቅ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ማቴዎስ ቢሮ ገባሁ። አፌን ሳልከፍት፣ "ነገ እኔም የለሁም" አሉኝ። "ጉኑኖ የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ። የሟች ወንድሜ ሚስት፣ አበበች የምትባል፣ በመሬት አስቸግራናለች።"

ለቀረጻ ስወጣ የሚፈቅዱልኝ እሳቸው ናቸው። የሥራ ግምገማዬን የሚሞሉትም እሳቸው።

"ምን ፈልገሽ ነበር?"

"ጠመኔ አልቆብኝ" አልኩ።

ሁለት ፓኮ ሰጡኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሐሙስ

አልሄድኩም።

ለራሴ የነገርኩት፦ ተማሪዎቹ ፈተና ደርሶባቸዋል። ዘንቧል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። የሰው ቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ ምን አገባኝ። ደግሞስ እኔ ተዋናይ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም።

ሦስት ሰዓት ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ድምፁን አጠፋሁና ሰሌዳው ላይ መጻፌን ቀጠልኩ። እንደገና ደወለ። ለሦስተኛ ጊዜም። አንዲት ተማሪ "ቲቸር፣ ስልክዎ ይበራል" አለችኝ። በደብተር ሸፈንኩት።

ዓርብ

አቶ ማቴዎስ በመምህራን ማረፊያ ክፍል እየሳቁ ያወራሉ። "'ሰው አለኝ፣ እየመጣ ነው' እያለች ሽማግሌዎቹን እስከ ስድስት ሰዓት አስጠበቀቻቸው" አሉ። "በር በሩን ስታይ ዋለች። ማን ነው ቢሏት አትናገርም። በመጨረሻ ለማክሰኞ ቀጠሩን።"

ወይዘሮ አበበች ስሜን አልተናገሩም። እንዳያሳጡኝ ይሆናል፤ እኔ እንጃ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ይህን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር፤ ግን ፈገግ ብያለሁ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ቅዳሜ

ልብስ አጠብኩ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩ። ስልኩን አንስቼ ልደውል አልኩና ምን ብዬ? "ታምሜ ነበር" የሚለውን ሦስት ጊዜ በልቤ ተለማመድኩት። ጥሩ አድርጌ እለዋለሁ። እሱ ነው ያስፈራኝ።

እሁድ

ከቤተክርስቲያን መልስ ጎረቤቶች እንደ ወትሯቸው ድራማውን ሊያዩ መጡ። የዛሬው ክፍል ታደለች ስብሰባ ላይ የሚያፌዝ ባለሥልጣን ከአዳራሽ የምታስወጣበት ነው። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊቴን ማየት አቃተኝ። ውሃ ላመጣ ነው ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ባለቤቴ ዮሐንስ ተከትሎኝ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ጠመኔውን ሳይቀር። ያጽናናኛል ብዬ ነበር።

"እኔን ምን አደረግሽኝ?" አለ። "ሴትዮዋ ያሉት ጉኑኖ ነው።"

ሰኞ

ከትምህርት ቤት ስወጣ በሚኒባስ ጉኑኖ ሄድኩ። ወይዘሮ አበበች ደጃቸው ላይ ጎደሬ እየላጡ አገኘኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና መላጣቸውን ቀጠሉ።

"አልታመምኩም ነበር" አልኩ። "አቶ ማቴዎስ አለቃዬ ናቸው። ፈርቼ ነው የቀረሁት። ስልኩንም እያየሁት ነው ያላነሳሁት።"

የያዙትን ጎደሬ ልጠው ጨረሱ።

"ፍርሃትን እኔም አውቀዋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "አንስተሽ ፈራሁ ብትዪኝ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ሽማግሌ ፊት ስምሽን ልጠራ ብዬ፣ ኋላ ትዋረዳለች ብዬ ተውኩት።"

እሳቸው ናቸው ለእኔ ያሰቡት።

የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያ፣ በዳጣ አቀረቡልኝ። አልዋጥ አለኝ፤ ግን በላሁ። ነገ እመጣለሁ ለማለት አፈርኩ። ሳልለው ተነሳሁ።

ማክሰኞ

ለርዕሰ መምህሩ ለራሳቸው ደውዬ የአንድ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ፤ የት እንደምሄድም ነገርኳቸው።

ጉኑኖ፣ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ስደርስ አቶ ማቴዎስ ለእሳቸው የመጣሁ መስሏቸው ወንበር ሳቡልኝ። አልፌ ከወይዘሮ አበበች ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የአቶ ማቴዎስ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

እንደተፈራው ሆነ። ሴትዮዋ ሁለት ቃል ሳይናገሩ የባላቸው ወገኖች ከሦስት አቅጣጫ ይጮሁባቸው ጀመር። ተነሳሁ። ድምፄ ቀጥኖ የእኔ አልመስል አለኝ። "ይጨርሱ። እባካችሁ፣ ወይዘሮ አበበች ይጨርሱ" አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

አንድ ሽማግሌ ጎናቸው ያሉትን "የቲቪዋ ናት እንዴ?" ብለው ጠየቁ።

"አትመስልም" አሉ ሌላው።

ግን ጩኸቱ ቆመ። ወይዘሮ አበበችም ተናገሩ። የትኛውን እንሰት በየትኛው ዓመት እንደተከሉ፣ ባላቸውን እንዴት እንዳስታመሙ፣ የባላቸው ወንድም ያኔ ስንት ጊዜ ብቅ እንዳለ። አላቆሙም። አፋቸው አልተያዘም።

ማሳው ለጊዜው በእሳቸው እጅ እንዲቆይ፣ አጥሩ እንዲነሳ ተባለ። የመሬቱ ጉዳይ ገና ይታያል።

ወይዘሮ አበበች ሚኒባስ ድረስ ሸኙኝ። ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ እሱም ያሳፍራል። እጄን ይዘው "ሐሙስ ግን ብዙ ቆሜያለሁ፣ ልጄ" አሉኝ። በቁጣ አልነበረም።

አረፍ ብዬ ይህን ስጽፍ ከአቶ ማቴዎስ መልእክት ገባ፦ "ነገ ጠዋት ቢሮ።" ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "እሺ፣ እመጣለሁ" ብዬ መለስኩ። ምን እንደምላቸው አላውቅም። ጠመኔ ግን አልጠይቅም።