ወፎቹ ከሄዱ በኋላ

ሄሰልቢ፣ ኅዳር 2002 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ቶሎሳ፣

ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ በአምላክ ቸርነት አለን። ብርዱ ገብቷል።

ወንድምዎ ጋሮማ ፋብሪካው ከተዘጋበት ወዲህ በየጠዋቱ ከሰፈራችን በታች ወዳለው ሐይቅ ወፍ ሊያይ ይወርዳል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ «ዛሬ ዝይዋ ባሏን ነከሰችው» እያለ ልጆቻችንን ያስቃቸው ነበር። የጸሎት ቡድናችንም ጥሩ ማረፊያ አገኘ ብሎ አመስግኖለታል። አሁን ወፎቹ ወደ ሞቃት አገር ሄደዋል። እሱ ግን መውረዱን አልተወም። የሩቅ ማያ መነጽሩን ቤት ጥሎ ነው የሚሄደው። ማታም አያወራም።

ትናንት ተከተልኩት። ሐይቁ ዳር ዳሩን በስስ በረዶ ተሸፍኗል። ጋሮማ ከዳርቻው ርቆ በረዶው ላይ ቆሟል።

«ምን ታያለህ? ወፍ የለ!» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ፖሊስ ሆንሽብኝ?» ብሎ ሳቀ።

«ይሸከምሃል?»

«እንጃ» አለኝ። ዞር አላለም።

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» ብዬ አንድ እግሬን ሳሳርፍ በረዶው ቋ አለ። ያን ጊዜ ተመለሰ።

ጋሼ፣ እሱ ከእርስዎ ቃል አይወጣም። «ናፍቀኸኛል፣ ለገና ና» ይበሉት። በስልክ እንዳልነግርዎ ድምፄ ያስታውቅብኛል። ይህን የምታደርስልዎ ትጊ ነገ ትሳፈራለች፤ እንደደረስዎ ሳያሳድሩ ይደውሉለት፣ ጠዋት ሳይወጣ። መጻፌን አይንገሩት።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ጋሮማ ጫማውን እያሰረ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም። አብሬው እወርዳለሁ።

አክባሪዎ ተጂቱ