ቡሬን የወጋሁበት መርፌ

ማክሰኞ

እፍ! ዛሬም ፈሰሰ። ቡሬ የተኛችበትን ፎጣ ሳነሳ መግሉ ተጣብቆ እየተሳበ መጣ። ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ሎሚ አክሏል፣ ጫፉ ፈንድቷል፣ ዝንብ አይለቀውም። ነርስ ነኝ፤ የስንቱን ሰው ቁስል ጠርጌአለሁ። የገዛ ድመቴ ሽታ ግን አስመለሰኝ። እሷ ደግሞ መጥታ እግሬን ትታከካለች፣ አታፍርም!

አከራዬ ኦቦ ገመዳ አፍንጫቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። “ሲስተር፣ በጆንያ አድርጊና ወንዝ ማዶ ጣያት” አሉኝ። ዥጉርጉር ስለሆነች የበሬ ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። “እርስዎ በሬዎ ሲታመም ይጥሉታል?” አልኳቸው።

ረቡዕ

የእንስሳት ሐኪሙ ያለው ከዋናው አስፋልት ማዶ ነው። አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቷል። ወጣቶቹ የገበሬውን መሬት ይወስዳል የተባለውን ማስተር ፕላን እየተቃወሙ ጎማ ያቃጥላሉ፣ ፌዴራሎቹ አስለቃሽ ጭስ ይተኩሳሉ። ታክሲ የለም። ስልክም አይሠራም።

የተቃጠለ ጎማ፣ ጭስ፣ መግል። ቀኑን ሙሉ የሸተተኝ ይኸው ነው። ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ቡሬ ግን ዞር ስል ጥብሴን ከሳህኑ ላይ ጠርጋ በላችው። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ! ደስ አለኝ።

ሐሙስ

በዘንቢል ይዣት በእግሬ ሄድኩ፣ በጓሮ በጓሮ። ሐኪሙ ላም ነው የሚያክመው። “ድመት ይዞ የመጣ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ” ብሎ ሳቀ። ሲዳስሳት ሳቁን ተወው።

“ካንሰር ነው። ሽምብራ ሲያክል ብታመጪያት ዕድሜ ነበራት። አሁን ብብቷ ውስጥ ገብቷል። ቆርጬ ከሽታው እገላግላታለሁ፣ ግን መመለሱ አይቀርም። ቢበዛ ወራት ነው።” ቀጥሎ ጠየቀኝ፦ እንዳትወልድ የሚከለክል ነገር ሰጥተሻታል? ድመት ላይ ይህን ካንሰር ያመጣል።

“ኧረ አልሰጠኋትም” አልኩት።

ዋሸሁ። ክሊኒክ ለሴቶች የምወጋውን የሦስት ወር መርፌ እሷንም ስወጋት ሁለት ዓመቴ። ልጆቿን በጆንያ ከመጣል ይሻላል ብዬ። ብልጥ ነኝ እኮ! ራሴን ተጸየፍኩት።

ቅዳሜ

ሐሙስ ሐኪሙ ቆርጦ የሰፋው ቁስሏ ደርቋል፣ አይሸትም። ኦቦ ገመዳ ወተት ይዘው መጡና “አካም ቡልቴ፣ ቡሬ?” ብለው እንዴት እንዳደረች ጠየቋት። የጆንያውን ነገር ያነሳ ሰው የለም።

ከሰዓት ጎረቤቴ ጫልቱ ድመቷን ታቅፋ ከች አለች። “ሲስተር፣ የኔዋ መርፌዋ ደረሰ እኮ!”

ወይኔ ጉዴ! የሷን ረስቼው። ያስለመድኳት እኔው፣ አምና በኩራት የወጋሁላት እኔው። “ዛሬ መርፌ የለም” ብዬ መለስኳት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጫልቱ ቤት ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

“እኔንስ የምትወጊኝ እሱኑ አይደል?”

ለሰው ተለክቶ የተሠራ ነው፣ ጥፋቱ ለድመት ማድረጌ ነው አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም። እኔስ ብሆን አምናለሁ?

ድመቷን ጭኔ ላይ አጋድሜ ጡቶቿን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ሦስተኛው ላይ ጣቴ ቆመ።

“ምንድን ነው?” አለች ጫልቱ።

“ገና ሽምብራ ነው” አልኩና እንባዬ መጣ።

ጫልቱ ተነስታ ዘንቢል አወጣች። ነገ መንገዱ ተከፈተም አልተከፈተም አብረን እንሄዳለን። የመርፌውን ነገር ለሐኪሙ የምነግረው እኔ ነኝ።